አምስተኛው ጣት

ከበርበሬ ተራ፣ ከሚዛኑ ጀርባ፣
ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ፣ ጎንበስ ብሎ ሚገባ
አንድ ክፍል ነበረ፣ መጋረጃው ጆንያ፣
ጢም ብሎ የሚሞላ፣ ሲበተን ገበያ።
የጋሽ ፈንታ ቪዲዮ ቤት።
ቡሬን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የማያውቅ ምን ጎደለበት?
(እኔን ከጠየቃችሁ፣ ግማሽ ዕድሜው ጎደለበት።)

ከጎረቤት ወፍጮ፣ የበርበሬው ብናኝ
በግድግዳው ስንጥቅ፣ ሾልኮ እኛን ሲያገኝ፣
አክተሩ እናቱን ሲቀብር፣ ሠላሳ ልጅ ያነባል፤
ሐዘን ይሁን በርበሬ፣ ማን ለይቶ ያውቃል?

ፊልሙ የህንድ ነው።
ከመካከላችን ህንድኛ የሚሰማ አንድም ነፍስ የለም፤
ደግሞስ ማን ቸገረው? አንሙት ነበረና።
አንሙት፣
ከዋሸራ ቅኔ ቤት፣ ሦስት ዓመት ቆይቶ የኮበለለ፣
"ካሴት ነው ያሳተኝ" የሚል፣ አንድ እግሩ ትንሽ የሰለለ፣
ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ዱላውን ተደግፎ ቆሞ
የማያውቀውን ቋንቋ፣ በጎጃም አማርኛ አጣጥሞ
ይተረጉምልናል።
ልጅቷ በአበባ መሃል እየዞረች ስትዘፍን
"ምን አለች?" እንላለን።
"'ሰሙን ለአባቴ ሰጠሁት፣ ወርቁን ላንተ ደበቅሁት' አለች።"
ቦሱ ጥርሱን ሲያፋጭ፣
"'የጤፍ እርሻህን አልነካም፣ በሬህን ግን አልምርም' አለ።"
ህንድ አገር ጤፍ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ልየው ጎኔ ተቀምጦ፣ ቀይ እስክሪብቶ በጥርሱ፣
የሂሳብ ደብተሩ ላይ፣ ሰው ከነፈረሱ
ይስላል በየሳጥኑ፤ ከአፋቸው ዳመና ያወጣል፣
በዳመናው የአንሙትን ቃል፣ በድንክ ፊደል ያስቀምጣል።
ባለ አሥራ ስድስት ገጽ፣ በጥቁር ክር የተሰፋ፣
"ክፍል ሁለት ይቀጥላል" ብሎ የሚጠፋ፤
ለአንድ ሌሊት ኪራይ፣ አሥር ሳንቲም ወይ ሁለት ብይ።
ክፍል ሁለትን ግን፣ ይኸው እስከ ዛሬ ሳላይ።

አንድ ማታ፣
አክተሩ ገደል አፋፍ ላይ፣ በአንድ እጁ ተንጠልጥሎ፣
ቦሱ ጣቶቹን ሲረግጥ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብሎ፣
"ተዉ፣ አክተር አይሞትም!" ስንባባል
መብራት ጠፋ።
ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለው። ጋሽ ፈንታ ተራገመ።
"ሳንቲማችን!" የሚል ጩኸት ቆርቆሮውን አስገመገመ።
ከዚያ በጨለማው ውስጥ አንሙት ጉሮሮውን ጠረገ።
"አራተኛው ጣቱ ለቀቀ" አለ።
ዝም አልን።
"አምስተኛው ግን የእናቱ ቀለበት ያለበት ነው፤
ቢረግጡት አይከዳም።"
ቀጠለ። ገደሉ የዓባይ በረሃ ሆነ፣
ከታች የሚጮኸው ውሃ በስሙ ጠራው፣
ፈረሱ መጥቶ ጭራውን ቁልቁል ለቀቀለት።
ምን ልበላችሁ፣ አየሁት። በዓይኔ።
መብራቱ ሲመጣ ማንም ደስ አላለውም።
"አጥፋው!" አለ ከኋላ አንዱ፣ "ገና አልጨረሰም!"

ባለፈው ክረምት ልጄ በስልኳ ፈልጋ
ያንኑ ፊልም አገኘችው፤ ከሥሩ ጽሑፍ ያለው፣ ጥርት ያለ።
እስኪነጋ አየሁት።
እናቱ ያልኳት አክስቱ ናት። ቦሱ ወንድሙ ነው።
ልጅቷ የዘፈነችው ስለ ዝናብ ነው፤ እንዲያው ስለ ዝናብ።
ፈረስ የሚባል ጭራሽ የለም።
ከገደሉም ይወድቃል። ይሞታል። ያልቃል።
"አባዬ፣ ለምን ታለቅሳለህ?"
"በርበሬ ነው" አልኳት።

የጋሽ ፈንታ ቤት የሞባይል መሸጫ ሆኗል።
ልየው ባህር ዳር የባጃጅ ጀርባ ላይ ይስላል አሉ።
አንሙትን ግን የጠየቅኩት ሁሉ ሌላ ሌላ ይነግረኛል፤
ዋሸራ ተመለሰ፣ መተማ ወረደ፣
አልፏል ያለኝም አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።
እሺ ብዬ ሄድኩ።
እናቱ ያንን ስም ያወጣችለት እንዲያው አይመስለኝም።
ደግሞም መብራት ነው የጠፋው፤
አራቱ ለቀቁ ቢሉኝ እንኳ
አምስተኛው አለ፣ ቀለበት ያለበት።