ወኔ ሦስት

ሥራህ ምንድን ነው ቢሉኝ፣ ሰው አዋጋለሁ እላለሁ፤
ቀን በደመወዝ ገድዬ፣ ማታ በአውቶቡስ እገባለሁ።

ፕሎቭዲቭ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ማሞቂያው የሚያጉረመርምበት፣
መስኮቱ በጥር በረዶ ግማሽ ዓይኑን የሚጨፍንበት፤
ከመንገዱ ሥር የሮማ ድንጋይ፣ ከላዩ የጫማ መደብር፣
እኔ ከሁለቱም በላይ ተቀምጬ ስቀንስ፣ ስደምር።

ባለጦር፦ ጥቃት ስድስት፣ መከላከል ዘጠኝ፣ ዋጋ አርባ።
ፈረሰኛ፦ ፍጥነት አሥራ አራት፤ ጭቃ ከነካው ግማሽ።
ባለወንጭፍ፦ ጥቃት አራት፣ መከላከል አንድ፣ ዋጋ ሃያ፣
ወኔ ሦስት።

አንዷን አኀዝ በአንድ ሳነሣ የአንድ አገር ዕድል ይዞራል፤
ትናንት የፎከረ ጭፍራ ዛሬ ከኮረብታው ይባረራል።
"ሚዛን" ይላል ስቪለን፣ አለቃዬ፣ ባኒትሳውን እየገመጠ፣
"ሁሉም በዋጋው ልክ ይሙት፣ ማንም እንዳይሆን የበለጠ።"
ፍርፋሪው ከቁልፍ ሰሌዳዬ ላይ ይረግፋል።
እሱ ይሄዳል፤ እኔ እጠርጋለሁ።

አንድን ውጊያ መቶ ጊዜ ማዋጋት ነው የኔ ፈተና፦
ያው ኮረብታ፣ ያው ጭጋግ፣ ያው የመለከት ቃና፤
መቶ ጊዜ ሁለት መቶ አርባ ሰው፣ መቶ ጊዜ ሜዳው ሲጸዳ፣
ሬሳው እንደ ጤዛ ሲተን፣ ደሙም ሳያመጣ ዕዳ።

ያኔ ነው ያየሁት። በግራ ክንፍ፣ ከኋላ ረድፍ፣ አንድ ባለወንጭፍ፣
ገና ጋሻ ከጋሻ ሳይላተም፣ ገና አንድ ሰው እንኳ ሳይረግፍ፣
ወኔው ይከዳዋል፤
እግሬ አውጪኝ ብሎ ከካርታው ጠርዝ ይደርሳል።
ከዚያ ወዲያ ዓለም የለም፣ ግራጫ ነው ብቻ፤
እሱ ግን እዚያ ይቆማል፣ ወንጭፉን አንጠልጥሎ፣ እስኪያበቃ ዘመቻ።

ከመቶ ውጊያ ዘጠና ሰባቱን ተረፈ።
በሠንጠረዡ ላይ ይህ ጥፋት ነው፣ ቀይ ሆኖ ይበራል፤
"ዋጋውን አያወጣም" ይላል፣ "ወኔው ይጨመራል።"

ወኔ አራት አደረግሁት፤ ስልሳ ሁለት ጊዜ ተመለሰ።
ወኔ አምስት፤ አሥራ ዘጠኝ።
ወኔ ስድስት፤ ሠንጠረዡ አረንጓዴ ለበሰ።
መቶውንም ጊዜ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ ወደቀ፤
ስቪለንም ትከሻዬን መታ አድርጎ "በቃ፣ ገባልህ!" ብሎ ሳቀ።

አመሻሽ ላይ ራድካ ወለል ልትወለውል መጥታ፣
መወልወያዋን ተደግፋ አየች፣ ከጀርባዬ ቆማ ለአፍታ።
"ትናንት እዚያ ጥግ ቆሞ የነበረው፣ ዛሬ የት ገባ?"
ቡልጋርኛዬ ለዳቦና ለትኬት እንጂ ለዚህ አይበቃም።
"አሻሻልነው" አልኳት።
ምንም አላለችም። ጨርቋን ጠመዘዘች፣ ውኃው ባልዲው ውስጥ ጮኸ።

በእኛ ቋንቋ አንድ አባባል አለ፣ ፈሪ ለናቱ የሚሉት፤
ልጅ ሳለሁ፣ ስድብነቱን ብቻ ነበር የሰማሁት።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ወኔውን ወደ ሦስት መለስኩ።
ሠንጠረዡ ቀላ። ምሳዬን ያልበላሁ መሆኔን ያኔ አስታወስኩ።
ከዚያ ጣቴ ወደ ሌላ ዓምድ ሄደ፣ ወደ ዋጋ፤
ከሃያ ወደ አሥራ አንድ፣ ወደ ስምንት፣ ወደ አራት፣
አንድ ቁራጭ ዳቦ ወደማይገዛ ዋጋ።
አረንጓዴ።
ርካሽ ከሆነ መሸሽ ይፈቀድለታል፣ ማንም አይጠይቀውም፤
ይህን ሕግ እኔ አላወጣሁትም።

አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለራሴ፣ ውጊያውን ደግሜ ለቀቅሁ፤
መለከቱ ተነፋ፣ ጋሻው ተላተመ፣ እኔ ጠርዙን ጠበቅሁ።
መጣ።
እያለከለከ ከግራጫው ፊት ቆመ፣ አራት ሳንቲም የሚያወጣ ሰው።

ለስቪለን በማስታወሻው ላይ "ዋጋ ተስተካክሏል" ብዬ ጻፍኩ፤
የቀረውን ሆድ ይፍጀው።
መብራት አጥፍቼ፣ በድንጋዮቹ ላይ፣ በጫማ መደብሩ በኩል፣
ሃያ ስድስት ቁጥር ሊነሣ ሲል ደረስኩ፣ እግሬ አውጪኝ ስል።