መውረድ አይከለከልም

ኦውሉ ከተማ ላይ፣ በታኅሣሥ መባቻ፣
ፀሐይ የምትሠራው አራት ሰዓት ብቻ፤
ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ ከቦይለሩ ጎን፣
ሐሙስ ተሰበሰብን ጀግኖች ልንሆን።

ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ሕጉን አነባለሁ፣
ዳይስ ሲወረወር ዕጣውን አያለሁ።
በግራዬ ፒሪ፣ ገና ዐሥራ ሰባቱ፣
ሁሉን በመቶኛ ማስላት ነው እምነቱ፤
በቀኜ ሂልፓ፣ የሌሊቷ ነርሷ፣
ተራዋ እስኪደርስ የምታንቀላፋ እሷ፤
ከፊቴ አዲሱ ሰው፣ ሽማግሌው ታይስቶ፣
አርባ ዓመት በክሬን ጭነት አንሥቶ
ቀኝ እጁ በመጨረሻ በሕመም ተረትቶ።
(ስሙ በአገሩ ቋንቋ «ፍልሚያ» ማለት ነው፤
እሱ ግን ዝንብ እንኳ ሲያባርር አላየነው።)

ሙያ በልብ ነው ይባላል። ውሸት ነው።
እኛ ጋ ሙያ በእርሳስ የሚጻፍ ነው፤
በዓምድ በዓምድ ሆኖ፣ በስም ተከፍሎ፣
አንዱ በር ተዘግቶ፣ አንዱ ወለል ብሎ።

የመጀመሪያው ዓምድ መነሻ ይባላል፣
ታሪኩ ሳይጀመር ምን ነበርክ ይልሃል፤
መርከበኛ ከነበርክ የጠርሙስ ጠብ ታውቃለህ፣
ገበሬ ከነበርክ ዱላ ትችላለህ።
ይህ በነጻ ነው፤ አንዴ፤ እንደ መወለድ።
ሁለተኛው ጠቅላላ፣ የሚከፈል መንገድ፦
አራተኛ ደረጃ ላይ ቆመህ አንኳኳው፤
ጉልበትህ ዐሥራ ሦስት ካልሞላ አይከፍትም በረኛው።
ሦስተኛው የፍልሚያ ስልት፣ ቀስት ወይ ጋሻ፣
ወታደር ላልሆነ የለውም መድረሻ።
አራተኛው ጸጋ ነው፣ ከዐሥራ ዘጠኝ በላይ፣
ሞት እንኳ ቀጠሮ የሚያዛውርበት ሰማይ።

የታይስቶ ጣት ያን ምሽት ሰማዩ ላይ አረፈ።
«ይኼን ልውሰድ?» «አይሆንም።» ሳቀ፤ አላኮረፈ።
«ወደቡም እንዲህ ነበር፤ ክሬኑን ሳያስነኩኝ
ሦስት ክረምት ሙሉ ገመድ አስቋጠሩኝ።»
መነሻውን «ወታደር» አለ፣ ብዙም ሳያስብ፣
ሰይፉ ሁለቴ የሚመታ፣ ለማንም የማያዝን ልብ።

በሚያዝያ፣ የወንዙ በረዶ ሲሰነጠቅ፣
አራተኛውን ደረጃ ረገጥን በጭንቅ።
ፒሪ አስልቶ ነው የመጣው፦ «ታላቁን ሰይፍ ያዝ!
በየተራው አራት ነጥብ ተኩል ትርፍ፤ አትፍዘዝ!»
ታይስቶ ወረቀቱን ገለበጠ። ቆየ።
ወደኔ ቀና ብሎ፣ በመነጽሩ ላይ አየ፦
«ወደ መጀመሪያው ዓምድ መመለስ ይቻላል?»

መጽሐፉን ገለጥኩ። ከታች ወደ ላይ ክልክል ነው ይላል፤
ከላይ ወደ ታች ግን ማንም አያግድህ።
«ይቻላል» አልኩት። «መውረድ አይከለከልህም።»

በግራ እጁ ጻፈ፣ ፊደሉ እየሸሸ፦
ሙዚቀኛ።
የፒሪ ፊት ጠቆረ፣ አመሸ።
«ሞኝነት! በሚቀጥለው ዋሻ ትገደላለህ!»
«ይሆናል» አለ። «ግን ይኼን ሰውዬ ታያለህ?
ወታደር ስሆን ሌላ ሥራ ትፈልጋለህ ወይ ያለው የለም።
ካንተሌ ነክቶ አያውቅም።»

ካንተሌ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ የለችም።
ፈቀድኩ። ዳኛ ለዚህ ካልሆነ አያስፈልግም።

በሐሙሱ ከዋሻው አፍ እሳት ነድደን አደርን፤
ሰውዬው ክር መታ፤ ሕጉ እንደሚለው፣ ተበረታታን፦
የወደቀች ዳይስን፣ አንዴ፣ መልሶ መጣል።
ማለዳ ግዙፉ መጣ። ፒሪ ጣለ።
አንድ።

ዝም አለ። ሂልፓ ነቃች። ቦይለሩ ጉር አለ።
ዳይሷን አነሣት፣ ደግሞ ጣለ፦
ዐሥራ ስድስት።

ምንም አልተናገረም፤ ከደብተሩ ኅዳግ ላይ
«አራት ተኩል» የሚለውን ቀስ ብሎ አጠፋ።
ታይስቶ አላየውም፤ ጠረጴዛው ሥር ገብቶ
እርሳሱን እየፈለገ ነበር።