የማጠቢያ ቤት ተራ

ጥር ነው፤ ኖርሾፒንግ የወንዙ ዳር ረግቷል፣
የጥንቱ ጥጥ ፋብሪካ ጭሱን ትቶ ቆሟል።
ከሕንጻችን በታች፣ ምድር ቤቱ በር አጠገብ፣
ሰሌዳ ተሰቅሏል፣ ተራ የሚያዝበት ልብስ ለማጠብ።
ለየቤቱ ትንሽ ቁልፍ፣ ቁጥሩ የተቀረጸበት፣
ሄዶ መሰካት ነው ከፈለጉት ሰዓት።
የኔው አሥራ አራት።
የለተኪዳን ሃያ ሁለት።

ዱሮ፣ ማክሰኞ ማታ፣ ጎን ለጎን ነበሩ፣
ሁለቱ ቁልፎች፣ ሐሜት እንደሚያወሩ።
እሷ ባንድ ጫፍ፣ እኔ ባንድ ጫፍ አንሶላ ይዘን ስናጥፍ፣
ልጇ ሳምሶም በቅርጫቱ እንደ ጀልባ ሲቀዝፍ።

ጦርነቱ ሲመጣ ቁልፎቹ ተራራቁ፤
የሷ ወደ ሐሙስ ሄደ፣ የኔ ወደ እሑድ ንጋት።
ማንም በር አልወረወረ፣ ማንም አልተናገረ በቁጣ፤
አንድ ሌሊት ብቻ፣ ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ፣
ስለ «እነሱ» የሚል።
እኔ አልጻፍኩትም።
አውራ ጣቴ ናት እንጂ፣ እሳት ሊጭር እንደመጣ ሰው፣
ፍሙን ካንዱ ቤት አንስታ ለሌላው ቤት ያደረሰችው።
ለተኪዳን አየችው።

ሰልፍም ወጣሁ ደግሞ፤ ስቶክሆልም፣ አደባባይ ላይ፣
«ሰላም» የሚል ካርቶን ከፍ አድርጌ ወደ ሰማይ፣
ጮኼ ጮኼ ድምፄ ተዘጋ።
ማታ በባቡር ተመልሼ፣ ካርቶኑን ብብቴ ሥር እንደያዝኩ፣
ደረጃው ላይ ገጠመችኝ። ቀና አለች።
እኔ የጫማዬን ክር አየሁ።
ሰላም ተሸክሜ
ሰላም ነሳኋት።

ፋሂማ አለች ከታች ፎቅ፣ ከቦስንያ የመጣች፣
አንድ ቀን ማድረቂያው ሲዞር እያየች እንዲህ አለች፦
«እኛ አገር ትልልቆቹ ወረቀት ፈርመው ሄዱ።
እኔ ግን ሰባት ዓመት የጎረቤቴን መሰላል ደብቄ ኖርኩ።
ተውሼው ነበር በዋዜማው፣ የቼሪ ፍሬ ልለቅምበት።
ከቤቴ እስከ አጥሯ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።
ጉልበቴ እምቢ አለኝ።»
«መለስሽው ወይ?» አልኳት።
«አዎ» አለች። «ዛፏ ከተቆረጠች በኋላ።»

ትናንት ማድረቂያው ውስጥ ተረስቶ አገኘሁ
አንድ ጥቁር ቀሚስ፣
ታጥቦ ታጥቦ ጠርዙ ወደ አመድ የዞረ።
ቆሜ አሰብኩ። ያን ማታ ደረጃው ላይ፣ ጥቁር።
በፋሲካ ማግሥት ትራም ፌርማታው ላይ፣ ጥቁር።
ሁለት ዓመት ሙሉ የሐዘን ልብስ ታጥባ፣
ውሃው በኔው ግድግዳ ቧንቧ ሲወርድ እየሰማሁ፣
«ማን ሞተብሽ?» ያላለ ሰው፣
በየትኛው አፉ ነው
አደባባይ ወጥቶ ሰላም የሚለምነው?

አጠፍኩት፣ እሷ እንዳስተማረችኝ፣ ጠርዝ ከጠርዝ።
ሦስት ፎቅ ወጣሁ።
ደወሉን ከመንካቴ በፊት ሁለቴ ተመለስኩ።

አልተቃቀፍንም።
ቀሚሱን ተቀበለችኝ፤ «እግዜር ያጽናሽ»ን ግን አልተቀበለችም።
«ማን እንደሞተ ጠይቀኝ» አለች። «በስም።»
ጠየቅኳት።
አርዓያ። ወንድሟ። የሒሳብ መምህር፣
ጠመኔ ከኮቱ ኪስ የማይለየው።
ሌላም ስም ነበራት፤ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።
ከዚያ «ያንተስ?» አለችኝ።
ይህን አልጠበቅኩም።
ምንተስኖት፣ አልኩ። የአጎቴ ልጅ። ሃያ አንድ ዓመቱ፣
ኳስ ሲያይ ጫማው እንዳያልቅ የሚያወልቅ።
ሬሳው አልመጣም።

ደረጃው ላይ ተቀመጥን፣ በሯ ገርበብ እንዳለ።
የዚህ አገር ደረጃ መብራቱ በየሁለት ደቂቃው ይጠፋል፤
ሲጠፋ እሷ ተነሳች።
ሲጠፋ እኔ ተነሳሁ፣ ግድግዳውን ዳብሼ፣
በዚያችው አውራ ጣቴ ተጫንኩት።
ደግሞ ጠፋ።
ተራው የማን እንደሆነ አልተነጋገርንም።

ቁልፌ እስከ ዛሬ እሑድ ንጋት ላይ ነው።
ማክሰኞ ማታ ግን ባዶ ነው፤
ስወርድ አይቼዋለሁ።