ስልሳ ሁለት እርምጃ

ሳስካቱን፣ የኅዳር መጨረሻ፤ ከዜሮ በታች አሥራ ዘጠኝ።
ጓንቴን አውልቄ ብሎን ሳጠብቅ፣ ብረቱ ጣቴን እየላጠኝ፣
ላኪውን መደርደሪያው ላይ፣ ከቀለም ጣሳው ጎን አቆምኩት፤
እርሳስ የሚያክል አንቴናውን ወደ ጣሪያው አቀናሁት፤
ብርድ እንዳይገባ የጋራዡን በር እስከ መሬቱ ዘጋሁት።

ተቀባዩ ትርሲት እጅ ነው፤ የሳሙና ሳጥን ያህላል፤
በላስቲክ የታሰረ ባትሪ ጀርባው ላይ ተንጠልጥሏል፤
ግንባሩ ላይ አንዲት ነጥብ፣
ምልክቱ ሲደርስ አረንጓዴ፣
ሲጠፋ ቀይ።

የራሳችን ጣሪያ ብቻ ቢሆን እንዲህ አልለፋም ነበር።
ከመንገዱ ማዶ፣ ሦስት ቤት አልፎ፣ የኦሬስት ጥድ አለ፤
አርባ ዓመት በገዛ እጁ መብራት ሲያለብሰው ኖሮ፣
ዘንድሮ መሰላል ተከለከለ፣ ዳሌው ተሰብሮ።
«ከእናንተ ጋር አብሩልኝ» አለ፤
አራት መቶ አምፖል በአንድ ትእዛዝ እንዲበራ፣
በአንድ ትእዛዝ እንዲጠፋ።
የሱም ገና እንደኛው ዘግይቶ ነው የሚመጣ፤
ሰፈሩ መብራቱን ፈትቶ ካርቶን ውስጥ ሲከት
ሁለት ቤት ብቻ እንቀራለን በርተን፣
አላፊ አግዳሚው የረሳነው እየመሰለው።

እና የሚቆም ሰው ያስፈልጋል፤ የሚራመድም።
ትርሲት አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከመስከረም ወዲህ
የተነጋገርነው ቢሰፈር ማንኪያ አይሞላም፤
አንድ «እሺ»፣ ሁለት «ምንም»፣ የክፍሏ በር ድምፅ።
ኮፍያዋን ቅንድቧ ድረስ ስባ፣
ስልኩን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ወጣች።

«አለ?»
«አለ።»
ሃያ። የመኪናችን አፍንጫ።
«አሁንስ?»
«አለ።»
አርባ። የፖስታ ሳጥኖቹ።
«አለ አልኩህ እኮ።»
ስልሳ ሁለት ላይ ዝም አለች።
«ትርሲት?»
«የለም። ቀላች።»
ጥዱ ገና ሃያ እርምጃ ይቀረዋል።

አንቴናውን አጋደምኩ፤ ቻናል ቀየርኩ፤
ላኪውን ጣሳ ላይ፣ ጣሳውን ወንበር ላይ፣
ወንበሩን የዕቃ ሳጥን ላይ ደረደርኩ።
«አሁንስ?» «የለም።»
«አሁንስ?» «የለም።»
በረዶ የተሸከመ ዛፍ ምልክት ይጠጣል ይላሉ፤
በጥዱ አሳበብኩ። በርቀቱ። በሻጩ።
«ኦሬስት በመስኮት አውራ ጣቱን እያሳየኝ ነው» አለች።
«ምን አልሽው?»
«እኔም አሳየሁት።»

ከዚያ፣ ጥቂት ቆይታ፣
«አባዬ፣ የጋራዡ በር ምንድን ነው?»
«እንዴት ምንድን ነው?»
«ከምን ነው የተሠራው?»
«ከብረት።»
«ተዘግቷል?»
ብርዱ እኮ... ልል ብዬ ተውኩት።

ቁልፉን ተጫንኩ። በሩ እያቃሰተ ተጠቀለለ፤
መጀመሪያ በረዶው ታየ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ እዚያ ማዶ
እንደ ክብሪት እንጨት ቀጥ ብላ የቆመች ልጅ፣
መዳፏ ላይ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ።
«አለ!»
ሁለቴ ሰማሁት፤ አንዴ በአየሩ፣
ለጥቆ ደግሞ በስልኩ።

ሰባ። ሰማንያ ሁለት፣ ጥዱ ሥር። «አለ።»
«በቃ ደረስን፤ ነይ ግቢ፣ ይበርድሻል።»
«እስኪጠፋ ልየው» አለችና ቀጠለች።
ዘጠና። መቶ።
መቶ አሥራ ሦስት ላይ፣ መታጠፊያው ጋ፣ «የለም» አለች፤
ስልኩን ግን አልዘጋችም።
እኔም።
ትንፋሿ ይሰማኛል፣ ጫማዋ ሥር በረዶው ሲንኮሻኮሽም።
«ከዋና ቡድኑ ወጥቻለሁ» አለች።
«መቼ?»
«በመስከረም።»

ማታ፣ ጣቴ መታጠፍ ሲጀምርልኝ፣
የመደርደሪያው እንጨት ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፤
በር ዝግ፤ ስልሳ ሁለት።
በር ክፍት፤ መቶ አሥራ ሦስት።