የኃላፊ ዓምድ

ኮሩሽ፣ ከወንዙ ዳር፣ የቡሽ ፋብሪካ አለን፤
ዘጠኝ ዓመት ጠብቀን ቅርፊት እንልጣለን።
ግንዱ ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ይጻፍበታል፤
መቼ እንደተላጠ ዛፉ ይናገራል።
መጥረቢያው ከጠለቀ እናት ቆዳው ይቆስላል፤
ካልጠለቀም ቅርፊቱ እምቢ ብሎ ይቀራል።
ልኩን የሚያውቀው ግን የለመደ እጅ ብቻ ነው፤
ይህን ለማንም ማሽን ገና አልነገርነው።

በጥር መጀመሪያ ላይ ቴልሙ ከቢሮው መጣ፣
ካሜራ ያለው ማሽን ከሳጥን አወጣ።
ስድስት ዓይን አለው፤ አፍንጫ ግን የለው፤
በሰዓት አሥር ሺህ ቡሽ በመልክ ነው የሚለየው።
"በራሱ ይማራል" አለን። "ከማን?" አለች ዴኦሊንዳ።
"ካንቺ" አላት፣ ዓይኑን ሰብሮ፣ እንደ አዲስ እንግዳ።
ሠላሳ አንድ ዓመት ቡሽ ያሸተተች ሴት ናት፤
ሻጋታ እንደ አይጥ ኮቴዋን የሚፈራት።
"ታዲያ የአስተማሪው ደመወዙ ስንት ነው?"
ሳቅን። ሳቁ አለቀ፤ ጥያቄው እንዳለ ነው።

እኔ መዝገብ ያዥ ነኝ። አለቃዬ ፊሎሜና፣
"ስጋቱን ጻፍ" አለችኝ፣ "ባንኩ ጠይቋልና።"
ሠንጠረዥ አሰመርኩ፦ ምን ሊበላሽ ይችላል?
ቢበላሽ ምን ይጎዳል? ስንቴ ይደጋገማል?
መብራት ቢጠፋ፣ ጻፍኩ፤ መረጃው ቢሰረቅ፤
ካሜራው አቧራ ለብሶ ቢሳሳት ሳናውቅ።
የመጨረሻውን ዓምድ "ኃላፊ" ብዬው ተውኩት፤
ነገ እሞላዋለሁ ብዬ ባዶ አሳደርኩት።

የካቲት ላይ ዘነበ። የመጋዘኑ ጣራ
ሦስት ሌሊት አፈሰሰ፤ ማንም አላወራ።
ቡሹ ውሃ ጠጣና በሆዱ ሻገተ፤
ላዩ የሕፃን ጉንጭ፣ ውስጡ ግን ሸተተ።
ማሽኑ መልክ አየ፤ "አንደኛ" ብሎ አለፈው፤
አርባ ሺህ ነበረ፤ ማንም አላሸተተው።
ዴኦሊንዳን ያኔ ከገበታዋ አንስተን
ካርቶን አስለጥፈናል፣ ወጪ ቀነስን ብለን።

ከላሜጉ ደብዳቤ፦ "የረጠበ ውሻ
ሸተተን ጠርሙሱ፤ ይህ ነው የእምነት መጨረሻ?"

ጉባኤ ተቀመጥን።
ቴልሙ፦ "ያሳየነው ደረቅ ደረቁን ነው።"
የመጋዘኑ ሹም፦ "ጣራው ነው፤ በጀቱ ነው።"
ሻጩ በስልክ፦ "ውሉ ላይ፣ ገጽ ሃያ ላይ ያለ ነው።"
ፊሎሜና ወደ እኔ፦ "መዝገቡስ ምን ይላል?"
ገለጥኩት። ዓምዱ ባዶ። ነጭ ሆኖ ያበራል።
ኃላፊው ማን ነው ስንል ሁሉም አላፊ ሆነ፤
ማሽኑ ብቻ ቀረ፤ እሱንስ ማን ኮነነ?

ዴኦሊንዳ ሙጫ እጇን በሽርጧ ጠረገች፤
"ስሜን ጻፉት ዓምዱ ላይ፤ ግን በዋጋ" አለች።
"ከየመቶው አንድ ሳጥን ለአፍንጫዬ አምጡ፤
ቀዩን ማቆሚያ ስጡኝ፤ ስጫነው አትቆጡ።
ያስተማርኩበትንም ደመወዝ ጨምሩ፤
ካልሆነ የማሽኑን ስም ጻፉና እሰሩ።"
ቴልሙ ሳቀ። ፊሎሜና ግን አልሳቀችም፤
በደመወዙ ተከራክራ ፈረመች፣ አልዘገየችም።

ማታ መዝገቡን ከፍቼ ስሟን ስጽፍበት
ጡረታዋ ትዝ አለኝ፦ የቀራት አራት ዓመት።
ዛፉ ዘጠኝ ይፈልጋል።
ይህንንም ስጋት ብዬ በአዲስ መስመር ጻፍኩት፤
"ኃላፊ" የሚለው ጋ ስደርስ ብዕሬን አቆምኩት።

ጠዋት ገበታዋ ሄድኩ። አንድ ቡሽ ሰጠችኝ።
አሸተትኩ። "ምን ሸተተህ?"
"ምንም።"
"ድገም" አለችኝ።