ባሕር ሲታረስ

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ»
ያለው ሰው አንጋጦ ሽቅብ ነው ያየው፤
ቁልቁል ባሕሩ ግን ትዝም አላለው።
ፍሪስላንድ ይምጣ፣ ይቁም ከግድቡ ላይ፣
ዓሣ በዋኘበት ድንች በቅሎ ሲያይ፣
ላም ሣሯን ስትግጥ ከመርከብ ሆድ በታች፣
ያቺ ግማሽ ተረት እዚያው ተረታች።

ሌላዋ ግማሽስ?
ቆይ።

የዚያ አገር ቀዳሚ ሕግ፣ ውሃ ነው ያረቀቀው፤
በክንድ የተለካ ድርሻ ነው፣ ማንም የማይለቀው፤
መሬት ያለው ሁሉ፣ ጌታ ይሁን መናኛ፣
ድርሻውን ይጠግን፤ ማዕበል አይተኛ።
ያቃተው አካፋውን ይትከል ካፈሩ፣
ከነልጁ ይውጣ፣ ይቅርበት አገሩ።

የግድቡ ዳኛ ዎቤ ሂልከማ፣
ግራ ጆሮው ደንቆሮ፣ ነፋስ ብቻ ’ሚሰማ፣
በጥቅምት ሲፈትሽ፣ በዘንጉ እየወጋ፣
ዘንጉ ሰጥሞ ቀረ ከጥንቸሎች አልጋ።
«የማን ነው ይኼ ድርሻ?» ጸሐፊው ቃል አጣ፤
በዚያ ሁሉ ብርድ ላብ ከግንባሩ ወጣ፤
«የንጉሡ ነው» አለ፣ «የማደኛቸው፤
ጥንቸሉም፣ ጉድጓዱም፣ ሁሉም የሳቸው።»
«ባሕሩንስ» አለ ዎቤ፣ «ማን ይንገርላቸው?»

መጥሪያ ጻፈ፤ ስም፣ ድርሻ፣ የጉድጓዱን ብዛት፣
«መቶ ሃያ ቅርጫት ጭቃ፤ ቢዘገይ በቅጣት።»
ሚስቱ ቺትስኬ አንብባ መጀመሪያ ሳቀች፤
ኋላ ግን በጨለማ ብዙ ተጨነቀች።

መልሱ በገና ሰሞን በቀይ ማኅተም መጣ፤
ሰሙን ፈቅፍቆ ዎቤ ወርቁን ፈልጎ አጣ፦
«ግርማዊነታቸው አይነኬ ናቸው፤
ሚኒስትር ነው የሚጠየቅላቸው፤
ቢያጠፉም አላጠፉም፤ ሕጉ እንዲህ ይላል፤
ፊርማው የኔ ስለሆነ በኔ ይታሰባል።»

ዎቤም ጻፈ፦ «ክቡር ሆይ፣ እርስዎ ይጠየቁ፤
ቅርጫት ይዘው ይምጡ፣ ጓንትዎን ያውልቁ፤
ጭቃው አይመርጥም ማን እንደተሸከመ፤
ውሃም ፊርማ አያነብ፣ ካበጠ፣ ከቆመ።»

መልስ አልመጣም።

ጥር ላይ በሌሊት፣ በዚያችው ቀዳዳ፣
ባሕሩ ዘለቀ፤ አልነበረም እንግዳ፤
የመበለቲቱን የአፍኬን ሦስት ላም ነዳ፤
ካደን ቤቱም ገባ፣ እጅ ሳይነሣ፤
በወርቅ ወንበር ላይ አስቀመጠ ዓሣ።
ንጉሡ አልነበሩም። በዚያ ሰሞን ደቡብ፣
ለጤናቸው ሄደው፣ ከወይን ማሳ አጠገብ።
አፍኬ ግን ነበረች።

ማን ተጠየቀ? ጥንቸል። አዳኝ ተላከባት።
ሚኒስትሩም ወረደ፤ በሌላ ጉዳይ ነው፣ በቀረጥ ስሕተት።

ሚያዝያ ላይ፣ ጭቃው ሲደርቅ፣ የድርሻ ጥሪ ነው፤
ባለመሬት ሁሉ አካፋውን ይዞ በግድቡ ’ሚቆመው።
ዎቤ ስም እየጠራ፣ «አለሁ» እየተባለ፣
ሰባተኛው ላይ ሲደርስ፣ ጥቂት አመነታ፤ ቆቡን ከራሱ ላይ አነሣና ጣለ፤
ያን ስም ከነማዕረጉ፣ አንድም ሳያጎድል
ጠራ።
ነፋስ።
አንድ ልጅ አስነጠሰ።
ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣
«አልቀረቡም» ብሎ ከስሙ ጎን አስቀመጠ።

መዝገቡን አይቼዋለሁ፤ የጨው ሽታ አለው ዛሬም።
ዎቤ ሞተ። ንጉሡም። ልጃቸው ዘውዱን ሲወርሱ
ድርሻውንም አብረው ወረሱ።
በየዓመቱ፣ በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቀለም፦
አልቀረቡም።
አልቀረቡም።
አንድ ገጽ ላይ ቀለሙ በዝናብ ፈሷል፤ ቃሉ ግን ይነበባል።

ተከሰሱ አልልህም፤ ችሎት አልተቀመጠም፤
ነጻ ወጡም አልልህ፤ ፋይሉ አልተዘጋም።
ተረቱ ልክ ይሆናል። እኔ ምን አውቃለሁ?
አንዲት ነገር ብቻ በኅዳጉ አይቻለሁ፦
አፍኬ፣ መሬት የሌላት፣ ድርሻ የማይጠየቃት፣
በየሚያዝያው ትመጣለች፤ ማንም አይጠራት።
ሰባተኛውን ስም ቆማ ታዳምጣለች፤
«አልቀረቡም» ሲባል
ሻርፗን አጥብቃ ወደ ቤቷ ትሄዳለች።