ቁልፉ ፍሪጅ ውስጥ ነው

ቅዳሜ፣ ትብሊሲ፣ ደረቁ ድልድይ ላይ፣
አሮጌ ዕቃ ሁሉ ተሰጥቶ ለፀሐይ፣
ሜዳልያ ከሹካ፣ ካሜራ ከመነጽር፤
ጉራም ተቀምጧል የላላ ሽቦ ሲያስር።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሬዲዮ ጣቢያ ሠርቶ፣
ጡረታው ሲያንስበት ጆሮውን ይዞ ወጥቶ።

እኔ ለዓይነ ስውራን መጽሐፍ አንባቢ፣
ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቲም ሰብሳቢ፣
ዓይኔ ሱቅ መስታወት ላይ ቀርቶ ተለጥፎ፣
አንድ ወርቅማ ማይክሮፎን፣ ዋጋው ደሞዜን አልፎ።

«ይህንን ልግዛ ወይ?» ብዬ ሥዕል ባሳይ፣
«ፍሪጅሽ ያጓራል? ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ላይ?
ሊፍቱ ሲያቃስትስ ግድግዳሽ ይሰማል?
መሃል ቆመሽ ስታጨበጭቢ ማን ይመልስልሻል?
ውድ ማይክሮፎን ማለት ወሬኛ ጎረቤት፣
ገመናሽን ሁሉ አንጠልጥሎ የሚያወጣ ከቤት።
ስንቱን አየሁ» አለኝ፣ «ከባንክ ተበድሮ፣
ሳጥን ሲከምር ውሎ፣ አንድ ቃል ሳይቀዳ አድሮ፤
ዓመት ሳይሞላው ደግሞ እኔው ዘንድ ያመጣዋል፣
ከላዩ ያልተላጠ ፕላስቲኩ ያበራል።»

አንዱን አቧራማ ከሸራው አነሣ፣
የሶቭየት ዘመን፣ ጥርሱ የረገፈ፣ ድምፁን ያልረሳ።
ማዳመጫ ጭኖ፣ ጀርባዬን አስዙሮ፣
በሁለት ማይክሮፎን አንድ ግጥም ደርድሮ፣
«ውዱ የቱ ነው?» አለኝ።
ርካሹን ጠራሁ።
አልሳቀብኝም። እኔ ግን አፈርሁ።

መቶ ሃያ ላሪ፣ ከነገመዱ ጭምር።
«በቀሪው ምንጣፍ ግዢ፣ ወፍራም፣ የበግ ጠጉር፤
ለግድግዳሽ ደርቢለት፣ ለአንቺ ብርድ እንዳይመስልሽ፣
የሚበርደው እሱ ነው፤ አንቺማ ልብስ አለሽ።»
ልሄድ ስል ጠራኝና፣ «አንድ ምክር ልስጥሽ፤
ፍሪጁን ስታጠፊ እዚያ ይቀመጥ ቁልፍሽ፤
ቤት ዘግተሽ ልትወጪ ቁልፉን ስትፈልጊው፣
ያኔ ትዝ ይልሻል፤ መልሰሽ አብሪው።»

ይኸው ሦስት ወር ሆነ። ምንጣፉ ይከብዳል፣
ብል የበላው ጥጉ ሲነኩት ይረግፋል።
ሊፍቱ እስኪያልፍ ድረስ
ነጠላ ሰረዝ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።
ጎረቤቴ ሲያስነጥስ ገጹን እደግማለሁ።

ከኩታይሲ አንድ አድማጭ፣ ባግራት፣ ደወለልኝ ትናንት፤
«ምዕራፍ ሰባትን፣ ናቴላ፣ ያነበብሽው ሌሊት፣
ዝናብ ነበር መሰለኝ ከመስኮትሽ ማዶ፤
ከድምፅሽ ኋላ ኋላ ይሰማል ቀስ ብሎ ወርዶ።
አትቁረጪው።»

አልቆረጥኩትም።
ዛሬ በር ላይ ቆሜ ኪሴን ብዳብስ፣ ባዶ።
ወደ ኩሽና ተመለስኩ፤
ቁልፌ ከአይቡ ጎን፣ የብረት በረዶ።